ጥርሰ ሰማያዊው ንጉሥ

በድሬዳዋ ከተማ ስሙን ሳንጠራ የማንውለው፥ ማንነቱን ግን ጠይቀን የማናውቀው አንድ ንጉሥ አለ። በመኝታ ክፍላችን አንዱ ጓደኛ የመምህሩን ማስታወሻ ከስልኩ ወደ ሌላው ስልክ ሲያሻግር፥ በታይዋን ገበያ ሻጩ ትንሿን ድምፅ ማጉያ ለገዢው ሲያሰማ፥ የባጃጁ ነጂ ከከዚራ ወደ መጋላ ሲሻገር የስልኩን ዘፈን በባጃጁ ውስጥ ሲያስጮኽ፥ ያለ ሽቦ የሚያገናኘውን ነገር ሁላችንም ብሉቱዝ እንለዋለን። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሰማያዊ ጥርስ ማለት ነው። ይኸውም ከ1,000 ዓመት በፊት የኖረ የዴንማርክ ንጉሥ የቅጽል ስም ነው። ታሪኩ ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅም ቁም ነገር ስላለበት ባጭሩ ልናቀርበው ወደድን። ዘመኖቹን የምንሰጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሃራልድ የንጉሥ ጎርም ልጅ ነው፤ እናቱ ቲራ ትባላለች። ቤተ መንግሥታቸው ጁትላንድ በሚባለው የዴንማርክ ምድር በዬሊንግ ነበረ። በዚያን ዘመን ዴንማርኮች በመርከብ እየተጓዙ የሚነግዱና የሚዘርፉ፥ ብዙ አማልክት የሚያመልኩ ሕዝብ ነበሩ። አገሩም በባሕርና በደሴት የተቆራረጠ ስለ ነበረ፥ በየስፍራው ያለው አለቃ ለራሱ ማደሩን ይመርጥ ነበር። ጎርም በ958 ገደማ ሞተ። ይህን ዘመን ሊቃውንት ያወቁት በመቃብሩ ውስጥ የተገኘውን እንጨት መርምረው፥ በግንዱ ላይ ያሉትን የዕድሜ ቀለበቶች በመቁጠር ነው። ሃራልድም የአባቱን ዙፋን ወረሰ።

የሃራልድ ስም ከሁሉ በላይ የሚነሣው ክርስትናን በመቀበሉ ነው። በዘመኑ የነበረ አንድ የጀርመን መነኵሴ እንደ ጻፈው፥ ፖፖ የሚባል ካህን በንጉሡ ግብር ላይ ስለ ሃይማኖት ተከራከረ። ንጉሡም ማስረጃ ቢጠይቀው ካህኑ በእሳት የጋለ ብረት በእጁ ተሸክሞ እጁ ሳይቃጠል ታየ፤ ሃራልድም በዚህ አምኖ ተጠመቀ። ነገሩ የሆነው በ965 ገደማ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ በደቡብ በኩል ኃይለኛው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ኦቶ መኖሩንና፥ ጎረቤቱን አረመኔ ነው ብሎ ለመውጋት ምክንያት ሊያገኝ ይችል እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ሃራልድ በዬሊንግ ባቆመው ታላቅ ድንጋይ ላይ የአባቱንና የእናቱን መታሰቢያ፥ እንዲሁም ዴንማርክን ሁሉና ኖርዌይን ለራሱ ማድረጉን፥ ዴንማርኮችንም ክርስቲያን ማድረጉን በአገሩ ፊደል አስቀርጿል። የክርስቶስም ሥዕል በድንጋዩ ላይ አለ። ለእኛ ኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ከሃራልድ 600 ዓመት ያህል ቀድሞ ድሉንና እምነቱን በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበርና።

ሃራልድ ሠሪ ንጉሥም ነበረ። በ980 ገደማ ትሬሌቦርግ፥ ፊርካትና አገርስቦርግ በተባሉት ስፍራዎች በኮምፓስ የተነደፉ የሚመስሉ፥ አራት አራት በር ያላቸው ክብ ምሽጎች ተሠሩ። በዚያው ዘመን ከዬሊንግ በስተደቡብ በራቭኒንግ ረግረጋማ ሸለቆ ላይ 760 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የእንጨት ድልድይ ቆመ። ከ1,000 በላይ የኦክ ግንድ ተተክሎበታል። የድልድይን ዋጋ እኛ የድሬዳዋ ሰዎች እናውቃለን። አሸዋው ደርቆ የሚከርመው ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት ይከፍላታል፤ በ2006 ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን የወሰደውም እርሱው ነው። ሁለት ወገን የሚያገናኝ ሰው ስሙ ቢነሣ የሚገባው ነው።

ነገር ግን ሃራልድ ያገናኘው በምን ነበር? በሰይፍ፥ በግብርና በጉልበት ሥራ ነበር። ስለዚህ የተገናኘው ሁሉ ብዙ ሳይቆይ መላላት ጀመረ። በ974 የኦቶ ልጅ ዳግማዊ ኦቶ ወግቶት የድንበሩን ግንብ ያዘበት። በኖርዌይ በስሙ ይገዛ የነበረው መስፍን ሃኮንም ግብሩን ትቶ ለራሱ አደረ። በመጨረሻም የገዛ ልጁ ስቬን አመፀበት።

ከ200 ዓመት በኋላ ሳክሶ የተባለው የዴንማርክ ታሪክ ጸሐፊ ስለዚህ ነገር አንድ ወሬ አስቀርቶልናል። ሃራልድ ለእናቱ መቃብር የሚሆን ትልቅ ድንጋይ አይቶ፥ ሰዎችን እንደ በሬ አጥምዶ ያስጎትት ነበር። በሥራው ተደስቶ ከመርከቦቹ ሰፈር የመጣውን አንድ ሰው፥ ይህን የሚያህል ሸክም በሰው ጉልበት ሲጎተት አይቶ ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውዬውም በቅርቡ ከዚህ የሚከብድ ሲጎተት ማየቱን ነገረው፤ ይኸውም ሰዎች ዴንማርክን ራሷን ከእርሱ ወስደው ወደ ልጁ ወደ ስቬን ሲጎትቷት ነበር። ወሬው እውነት ቢሆንም ባይሆንም፥ የታሪኩን ፍሬ ነገር ይዟል።

በአባትና በልጅ ጦርነት ሃራልድ ቆሰለ፤ ወደ ስላቮች አገር ሸሽቶም በ985 ወይም በ986 በስደት ሞተ። አስከሬኑ ወደ ሮስኪልደ ተወስዶ ራሱ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ ይባላል። ምሽጎቹ ብዙ ሳያገለግሉ ተተዉ፤ ያ ትልቅ ድልድይም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠገን ፈረሰ። ጥርሰ ሰማያዊ የሚለው ቅጽል በጽሑፍ የተገኘው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው፤ ምናልባት አንድ የሞተና የጠቆረ ጥርስ ኖሮት ይሆናል።

ይህ ስም እንዴት ወደ ኪሳችን ገባ? በ1994 ሉንድ በተባለችው የስዊድን ከተማ የኤሪክሰን ኩባንያ መሐንዲሶች ስልክን ያለ ሽቦ ከሌላ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ጀመሩ። በ1997 የኢንቴል ባልደረባ የሆነው ጂም ካርዳክ፥ ሃራልድ ሕዝቦችን እንዳገናኘ ይህም መሣሪያዎችን ያገናኛልና ለጊዜው ስሙ ብሉቱዝ ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሌሎቹ የታሰቡት ስሞች ስላልሆኑ ጊዜያዊው ስም ጸና። በ1998 ኤሪክሰን፥ ኢንቴል፥ ኖኪያ፥ አይ ቢ ኤምና ቶሺባ ማኅበር አቋቋሙ። በስልካችን ላይ የምናየው ምልክትም የሃራልድን ስምና ቅጽል የሚጀምሩት ሁለቱ የጥንት ፊደላት ተጣብቀው ነው።

አሠራሩም የሚደነቅ ነው። ብሉቱዝ በ79 የሬዲዮ መስመሮች መካከል በሴኮንድ 1,600 ጊዜ እየዘለለ ስለሚሠራ፥ አንዱ መስመር ቢጨናነቅ በሌላው ያልፋል። በብዙ ስልኮች የሚደርሰው እስከ 10 ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአንድ አልጋ እስከ ጎረቤት ክፍል ማለት ነው። ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። በ2020 ክረምት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፥ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያሻግረው ይህ መንገድ አልተዘጋም ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ልብ ልንለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ሁለት ስልኮች የሚጣመሩት አንደኛው ሲጠይቅና ሁለተኛው ሲፈቅድ ነው። አንዱ ሌላውን በጉልበት ጎትቶ አያጣምረውም፤ ቢቀራረቡም ካልተፈቃቀዱ እንግዳ ለእንግዳ ሆነው ያድራሉ። ንጉሡ የጎደለው ይህ ነበር። እኛም ከየአቅጣጫው መጥተን፥ አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ሶማሊኛና ሌላም ቋንቋ እየተናገርን በአንድ ክፍል የምንተኛ ተማሪዎች ነን። አልጋችን ከአልጋችን የሚርቀው ሁለት ክንድ እንኳ አይሞላም። መቀራረቡን ዩኒቨርሲቲው ሰጥቶናል፤ መፈቃቀዱ ግን የእኛ ፈንታ ነው።