አጤ ምኒልክና የአልጋቸው ውርስ

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ነበሩ። በ1848 ዓ.ም. አጤ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊይዙ በመጡ ጊዜ ንጉሡ ታመው ሞቱ፤ ምኒልክም ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ተማርከው በኋላ በመቅደላ አምባ ተቀመጡ። የአባታቸውን አገር ሌሎች ሲገዙት እርሳቸው 10 ዓመት ያህል በግዞት ኖሩ። በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ግን ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባታቸውን አልጋ ያዙ። አባቱ የሞተበት ልጅ ርስቱን እንዴት እንደሚያጣ ሰው ሳይነግራቸው በራሳቸው ደርሶ አወቁት።

ሌላም ነገር አዩ። አጤ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው ሊሞቱ ሲሉ፥ ራስ መንገሻ ልጃቸው መሆኑን ገልጠው አልጋቸውን እንዲወርስ ተናዘዙ። ነገር ግን ቃሉ በመጨረሻው ሰዓት በጦር ሜዳ የተነገረ ነበርና፥ ኃይሉም ከምኒልክ ጋር ነበረና፥ ሳይጸና ቀረ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ።

በእንጦጦ የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እኒህ ንጉሥ ናቸው። በአዲስ ከተማ ገበያ መካከል ያለው ሰፈርም እንደዚሁ ራጉኤል በሚባል ደብር ይጠራል። በዚያ ሰፈር ያለ ነጋዴ ያበደረውንና የተበደረውን ሳይናገር በድንገት ቢሞት፥ ልቅሶው ሳያልቅ በልጆቹ መካከል ክርክር ይነሣል። የንጉሥ ቤትም ከነጋዴ ቤት በዚህ አይለይም፤ ጠቡ ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ሥርዓት ጽፎአል።

ምኒልክ እያረጁ ሲሄዱ አልጋቸውን የሚወርስ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። በታኅሣሥ ወር 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያ ብትታወክ ጥቅማቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ በለንደን ተፈራረሙ። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ጎረቤት ስለ ቤቱ ይመክር ጀመር ማለት ነው። ንጉሡም ዝም አላሉም፤ በ1900 ዓ.ም. ሥራቸውን የሚያካፍሉ ሚኒስትሮችን ሾሙ። ሕመማቸውም በበረታ ጊዜ፥ በ1901 ዓ.ም.፥ የልጃቸው የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ልጅ ኢያሱ እንዲወርሱ በአዋጅ አስታወቁ። ወራሹ ገና 14 ዓመታቸው ነበርና ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አድርገው ሰጡአቸው። ቃላቸውን የሚያፈርስ ሁሉ ርጉም እንዲሆን አዘዙ፤ መኳንንቱም ማሉ። አጤ ዮሐንስ በሞት አፋፍ የተናገሩትን ምኒልክ አፋቸው ሳይዘጋ፥ አገር እየሰማ መናገራቸው ታላቅ ማስተዋል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ አንደበታቸውን ያዘው። እቴጌ ጣይቱ መንግሥቱን በእጃቸው ለማድረግ ቢሞክሩም በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው ከሥልጣን አራቁአቸው፤ እስከዚህ ድረስ ኑዛዜው ጸንቶ ነበር። ነገር ግን በ1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ ሞቱ። በሞግዚቱ ስፍራ ሌላ አልተተካም፤ ንጉሡም ሌላ ሊመርጡ አይችሉም ነበር። ትልቅ አገር በአንድ ወጣት እጅ ያለ መካሪ ወደቀ። ኑዛዜው የተሰበረው በዚህ በኩል ነው።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ከሕዝብ ተሰወረ። መኳንንቱ ከልጅ ኢያሱ ጋር እየተጣሉ ሄደው፥ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሻሩአቸው። ከመሐላውም አቡነ ማቴዎስ ፈቱአቸው። አልጋው በኑዛዜው ላልተጠሩት ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ ሆነ፤ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ተባሉ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው መጡ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የአንድ አገር ልጆች ተዋጉና እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ኢያሱ ዓመታት ሲሸሹ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ፤ የአያታቸውን ዘውድ አንድ ቀን እንኳ ሳይጭኑ በ1928 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ሞቱ።