ኦጉስት ኬርክሆፍስ፤ ምሥጢርን በቁልፍ ላይ ብቻ ያኖረ መምህር

የምሥጢር ጽሕፈት ታሪክ በተነሣ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሱት የጦር አዛዦች፣ የሰላዮችና የሒሳብ ሊቃውንት ስሞች ናቸው። ይሁን እንጂ በሙያችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ የቆየውን ሕግ ያወጣው ወታደር አልነበረም፤ የቋንቋ መምህር ነበር። ይኸውም ኦጉስት ኬርክሆፍስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን በአጭሩ ከገለጽን በኋላ፣ ሕጉ በይለፍ ቃል ተዘግተው ለሕዝብ ስለሚታደሉ ድረ ገጾች ምን እንደሚያስተምረን እንመለከታለን። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬርክሆፍስ በ1835 ዓ.ም. በኔዘርላንድ አገር፣ በሊምቡርግ ግዛት፣ ኑት በተባለች መንደር ተወለደ። በቤልጂየም በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በኔዘርላንድና በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች አስተማረ፤ ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በመለን ከተማም የቋንቋ መምህር ሆኖ ኖረ። ኋላም ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በቦንና በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ በፓሪስ ከተማ በከፍተኛው የንግድ ትምህርት ቤት የጀርመንኛ ፕሮፌሰር ሆነ።

ዘመኑ ፈረንሳይ ከ1870 እስከ 1871 በተደረገው ጦርነት በፕሩስያ የተሸነፈችበትን ምክንያት የምትመረምርበት ዘመን ነበር። ቴሌግራፍ የጦር መላላኪያ ሆኖ ነበር፤ በሽቦ የሚሄደውንም ቃል ጠላት ሊያነበው ይችል ነበር። ከዚያ በፊት መልእክት በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ሲመላለስ የአጻጻፉን ዘዴ ራሱን መደበቅ ይቻል ነበር። ብዙ ሺሕ ሰዎች ባሉበት ሠራዊት ውስጥ ግን ዘዴው ተደብቆ ሊኖር አይችልም፤ አንድ ምርኮኛ ወይም አንድ የጠፋ መጽሐፍ ሁሉን ያፈርሰዋልና።

ኬርክሆፍስ ይህን ችግር በመመርመር በ1883 ዓ.ም. በጥርና በየካቲት በአንድ የፈረንሳይ የጦር ሳይንስ መጽሔት ስለ ሠራዊት የምሥጢር ጽሕፈት የጻፈውን ሰፊ ጥናት አሳተመ። በጥናቱም በአንድ ቁልፍ የተጻፉ ብዙ መልእክቶችን አንዱን ከሌላው በታች በመደርደር ምሥጢራቸውን መፍታት እንደሚቻል አሳየ። ከሁሉ በላይ ግን ለአንድ መልካም ዘዴ የሚያስፈልጉትን ስድስት ደንቦች ዘረዘረ። ዘዴው በተግባር የማይፈታ ይሁን፤ አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ ጉዳት አያድርስ፤ ቁልፉ ሳይጻፍ በአእምሮ የሚያዝና በተፈለገ ጊዜ የሚለወጥ ይሁን፤ ለቴሌግራፍ ይስማማ፤ ለመያዝ ይመች፣ የብዙ ሰዎችንም ትብብር አይጠይቅ፤ በመጨረሻም በቀላሉ ይሠራበት። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሁለተኛው ደንብ ነው።

ኬርክሆፍስ ከዚህ በኋላ የታወቀው በሌላ ጉዳይ ነበር። ዮሐን ማርቲን ሽላየር የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ቮላፑክ የተሰኘ ሰው ሠራሽ ዓለም አቀፍ ቋንቋ አውጥቶ ነበር። ኬርክሆፍስ ከዋነኞቹ አስፋፊዎች አንዱ ሆነ፤ በ1887 ዓ.ም. በሙኒክ የተቋቋመውንም የቋንቋውን አካዳሚ በበላይነት እንዲመራ ተመረጠ። ቋንቋው ቀለል እንዲል ማሻሻያ አቀረበ። ሽላየር ግን ቋንቋው የእርሱ ሥራ መሆኑን በመግለጽ የመጨረሻው ውሳኔ በእጁ እንዲቀር ጸና። በ1889 ዓ.ም. በፓሪስ የተደረገው ጉባኤም ጠቡን ሊያበርደው አልቻለም። ኬርክሆፍስ በ1891 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለቀቀ፤ እንቅስቃሴውም ተዳከመ። እርሱም በ1903 ዓ.ም. አረፈ። በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ሥርዓት ብዙዎችን ሊያገለግል አለመቻሉን በገዛ ድካሙ ያየ ሰው ነበር ለማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። የማይለዋወጥ ድረ ገጽ የሚባለው አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ፣ አገልጋዩም ኮምፒዩተር ለጠየቀው ሁሉ ሳይመርጥ የሚያድለው ፋይል ነው። በደጁ ላይ ማንነትን የሚጠይቅ ዘበኛ የለውም። ስለዚህም አንዳንዶች ጽሑፉን ሳይመሠጥሩ የይለፍ ቃል የሚጠይቁ ጥቂት የጃቫስክሪፕት መስመሮችን ብቻ ይጨምሩበታል። ይህ መጋረጃ እንጂ መዝጊያ አይደለም፤ የገጹን ኮድ ከፍቶ የተመለከተ ሁሉ ጽሑፉን ያገኘዋልና።

ትክክለኛው መንገድ ጽሑፉን ራሱን መመሥጠር ነው። ገጹ የሚይዘው የተመሠጠረውን ጽሑፍና የሚፈታውን ፕሮግራም ነው፤ ፍቺውም በአንባቢው አሳሽ ውስጥ ይፈጸማል። ኬርክሆፍስ ዘዴው ለቴሌግራፍ ይስማማ እንዳለ ሁሉ፣ የተመሠጠረውም ጽሑፍ በድረ ገጽ ውስጥ እንዲጓዝ ወደ ተራ ፊደላት ይለወጣል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ኤ.ኢ.ኤስ. የተባለው ዘዴ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረ ግልጽ ውድድር ተመርጦ በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት የጸደቀ ነው። ያወጡት ሁለት ቤልጂየማውያን፣ ዮዋን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን ናቸው። አሠራሩ ለዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ የተደበቀው ቁልፉ ብቻ ነው። በአሳሾች ውስጥ የሚገኘው የምሥጠራ መሣሪያም በ2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ወጥቷል።

ነገር ግን ሸክሙ ሁሉ በቁልፉ ላይ ከወደቀ ቁልፉ ደካማ ሊሆን አይገባም። የተመሠጠረው ፋይል በማንም እጅ ስለሚገባ፣ አምስት ጊዜ ለተሳሳተ ሰው በሩን የሚዘጋ አካል የለም፤ ጠላት በገዛ ኮምፒዩተሩ ያለ ገደብ ይሞክራል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ በቀጥታ ቁልፍ አይሆንም፤ በየፋይሉ ከሚለያይ የዘፈቀደ ቁጥር ጋር ተደባልቆ እጅግ ብዙ ጊዜ ይፈጫል። በ2000 ዓ.ም. ለዚህ በወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ቁጥር 1,000 ጊዜ ነበር፤ በ2023 ዓ.ም. የተሰጠው ምክር ግን 600,000 ደርሷል። ይህም ሙከራውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስድስት አኃዝ ያለው የይለፍ ቃል 1,000,000 ዓይነት ብቻ ስለ ሆነ በሴኮንድ 1,000 የሚሞክር መሣሪያ በ17 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። ከ7,776 ቃላት ዝርዝር በዕጣ የወጡ አምስት ቃላት ግን በሴኮንድ 1,000,000 ቢሞከሩ እንኳ ተሞክረው የሚያልቁት በ900,000 ዓመት ገደማ ነው። እንዲህ ያሉ ቃላት፣ ሦስተኛው ደንብ እንደሚጠይቀው፣ በአእምሮ ሊያዙ ይችላሉ።

በአማርኛ የይለፍ ቃል ለሚያወጣ ሰው አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው። በቃል የተነገረው ቁልፍ በሌላ ፊደል ከተጻፈ ሰነዱ አይከፈትም።

ይህ ዘዴ ሊፈታቸው የማይችላቸው ጉዳዮችም አሉ። የይለፍ ቃሉ ቢለወጥ፣ አሮጌውን ፋይል አስቀድሞ የወሰደ ሰው በአሮጌው ቃል ማንበቡን አያቆምም። ቃሉ ለሁሉም አንድ ከሆነ ማን እንዳነበበ አይታወቅም፤ ከአባልነት የተሰናበተውንም ለይቶ መከልከል አይቻልም። እንዲሁም በአገልጋዩ ኮምፒዩተር ላይ ገጹን ሊለውጥ የሚችል ሰው፣ የተጻፈውን የይለፍ ቃል የሚሰርቅ አንድ መስመር ሊጨምርበት ይችላል።

ስለዚህም አንድ ባለሙያ የሕሙማንን መዝገብ ወይም የተማሪዎችን ውጤት በዚህ መንገድ እንዲያኖር ቢጠየቅ፣ አስቀድሞ ፋይሉን ጠላት እንደ ወሰደው ቈጥሮ ያስብ። ከዚያ በኋላ ለሰነዱ ባለቤቶች የሚተርፋቸው መከላከያ ቁልፉ ብቻ ነው። ቁልፉ ይህን ሸክም የማይችል ከሆነ፣ ወይም የሰነዱ ምሥጢርነት ከብዙ ዓመት በኋላም የሚጠበቅ ከሆነ፣ ሰነዱ በዚያ ገጽ ላይ መውጣት የለበትም።