ሼክ ሱልጣን ቢን ሳቅርና የምሽጉ ቤተ መጻሕፍት

ሼክ ሱልጣን ቢን ሳቅር አል ቃሲሚ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1951 ሻርጃን ያስተዳደሩ ገዥ ነበሩ። ሥልጣን በያዙ በዓመቱ፣ በ1925፣ የግል መጻሕፍታቸውን በሻርጃ ምሽግ አሰባስበው ቃሲሚያ የተባለውን ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። ምሽጉ የገዥው ቤተሰብ መኖሪያ፣ የአስተዳደር መቀመጫና እስር ቤትም ነበር።

ዘመናቸው ለመጻሕፍት የተመቸ አልነበረም። የባሕር ዳርቻው ሕዝብ የሚተዳደረው በዋናነት ከባሕር ወለል በሚወጣ ዕንቁ ሲሆን፣ ከ1929 ወዲህ የተከሰተው የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስና የጃፓን እርባታ ዕንቁ ይህን ንግድ አደቀቁት። ሼክ ሱልጣን በ1932 ከእንግሊዞች ጋር ተስማምተው፣ በእንግሊዝና በሕንድ መካከል የሚመላለሱ አውሮፕላኖች በሻርጃ እንዲያርፉ ፈቀዱ። የማረፊያው ኪራይም በችግሩ ዘመን አዲስ የገቢ ምንጭ ሆነ። ዛሬ በንጉሥ አብዱል አዚዝ ጎዳና የሚያልፍ ሰው የሚጓዘው በዚያው አሮጌ መንደርደሪያ ላይ ነው።

ሼክ ሱልጣን በ1951 ሲያርፉ መጻሕፍቱ በምሽጉ ነበሩ። በ1956 ልጃቸው ሼክ ሳቅር ቢን ሱልጣን በአደባባዩ ወደሚገኘው የእንግዳ መቀበያ ሕንፃ አዛወሯቸው። በ1970 የምሽጉ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ። የመሥራቹ የወንድም ልጅ የሆኑት የዛሬው የሻርጃ ገዥ ሼክ ዶክተር ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚ ከጊዜ በኋላ ምሽጉን መልሰው አሳነጹት፤ አሁን ሙዚየም ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ግን ጉዞውን ቀጠለ። በ1980 ወደ አፍሪካ አዳራሽ፣ በ1987 ወደ ባህል ማዕከል፣ በ1998 ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ተዛወረ። የሻርጃ ዩኒቨርሲቲና የሻርጃ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረቱ ገና አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በአንድ ገዥ መኖሪያ የተጀመረው የመጻሕፍት ስብስብ በዚህ መንገድ ከተማሪዎች ሠፈር ደረሰ። በ2011 ወደ ባህል አደባባይ ከተዛወረ ወዲህ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ እያገለገለ ነው።

ሻርጃ በ2019 በዩኔስኮ የዓለም የመጽሐፍ መዲና ተብላ ተሰይማለች፤ በ2025ም ቤተ መጻሕፍቱ መቶ ዓመት ሞላው። ሼክ ሱልጣን ይህን ሁሉ አላዩም። መጻሕፍቱን ያኖሩበት ግንብ አንድ ጊዜ ፈርሶ ተሠርቷል፤ የጀመሩት ሥራ ግን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ እየተሸጋገረ ሳይቋረጥ ዘልቋል።