ሐኪሙ የሒሳብ ሊቅ ዳንኤል ቤርኑሊ

አንባቢ ሆይ፤ የሰው ገላ ከበሽታ ተሐዋስያን ጋር ስለሚያደርገው ትግል የሚመራመሩ የዛሬ ሊቃውንት ሥራቸው በቤተ ሙከራ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ስንቱ ሰው በበሽታ እንደሚያዝ፣ ስንቱስ ድኖ የመከላከል ኃይል እንደሚያገኝ በሒሳብ ቀመር ይጽፉና በኮምፒዩተር ያሰሉታል። የዚህን ጥበብ ፈር የቀደደው ግን፣ ኮምፒዩተር ይቅርና የበሽታው መንሥኤ እንኳ ባልታወቀበት ዘመን በላባ ብዕር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ከዚህ በታች የምታነበው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በል።

ዳንኤል ቤርኑሊ በ1700 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በግሮኒንገን ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የስዊስ፣ የባዝል ከተማ ተወላጅ ሲሆን፣ አባቱ ዮሐንም አጎቱ ያዕቆብም ስመ ጥር የሒሳብ ሊቃውንት ነበሩ። ይሁንና አባትየው ልጁ ነጋዴ እንዲሆን ቈረጠ። ዳንኤል አሻፈረኝ ባለ ጊዜ ሕክምና እንዲማር ፈቀደለት፤ በ1721 ስለ አተነፋፈስ ጽፎ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ሒሳብንም ከታላቅ ወንድሙ ከኒኮላስ ይማር ስለ ነበር አልተወም። በ1725 ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ ሩሲያ፣ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ተጠርተው ሄዱ፤ ዓመት ሳይሞላ ኒኮላስ በዚያው ሞተ። ዳንኤል በ1733 ወደ ባዝል ተመለሰ። በሚከተለው ዓመት የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አንዱን ሽልማት ለአባትና ለልጅ ቢያካፍል፣ አባት ከልጁ ጋር መተካከሉን እንደ ውርደት ቈጥሮ ተቀየመው። በ1738 ስለ ፈሳሾች ፍሰትና ግፊት ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን በዓለም አስጠርቶታል፤ እኛን የሚመለከተን ግን ሌላው ሥራው ነው።

በዚያ ዘመን ፈንጣጣ ኤውሮፓን ይፈጅ ነበር። አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ዳግመኛ እንደማይያዝ ሁሉም ያውቅ ነበርና፣ ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስዶ በጤነኛው ቆዳ ላይ ጭሮ የማስገባት ልማድ ከምሥራቅ አገሮች ገብቶ ነበር፤ በአገራችንም በቀድሞ ዘመን ይሠራበት እንደ ነበር ይታወቃል። ከተከተቡት ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ጥቂቶቹ ግን በዚያው ክትባት ይሞታሉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ አንተ ብትሆን ጤነኛ ልጅህን ለዚህ አሳልፈህ ትሰጥ ነበርን?

ቤርኑሊ ጥያቄውን በሒሳብ ገጠመው። ሕዝቡን ገና ያልታመሙና ታመው የዳኑ ብሎ ከፈለ። ካልታመሙት መካከል በየዓመቱ ከስምንት አንዱ እንደሚያዝ፣ ከሚያዙትም ከስምንት አንዱ እንደሚሞት ገመተ። ጅራታሙ ኮከብ በስሙ የሚጠራለት ኤድመንድ ሃሌይ ከብሬስላው ከተማ የሞት መዝገብ ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ ይዞም፣ በየዕድሜው በፈንጣጣ የሚሞተውን በሌላ ምክንያት ከሚሞተው ለየ። ውጤቱን በ1760 ለፓሪስ አካዳሚ አቀረበ። አንድ ሕፃን ሲወለድ የሚጠበቅለት ዕድሜ በአማካይ 26 ዓመት ከ7 ወር ሲሆን፣ ፈንጣጣ ቢወገድ 29 ዓመት ከ9 ወር ይደርሳል። ክትባቱ ራሱ ከ200 ሰው አንዱን ቢገድል እንኳ ትርፉ ሦስት ዓመት ያህል ነው።

በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር ተነሥቶ ስሌቱን ነቀፈ። ክትባትን የሚጠላ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ትርፉ የሚገኘው በዕድሜ ማብቂያ ሲሆን፣ አደጋው በተከተቡበት ሰሞን ነው፤ ለመንግሥት የበጀ ስሌት ልጇን ታቅፋ ለቆመች እናት ላይበጃት ይችላል፤ የሚያዘውና የሚሞተው መጠን በየዕድሜው እኩል ስለ መሆኑም ማስረጃ የለም ሲል ተከራከረ። ይህ የመጨረሻው ነቀፌታ በእውነት ላይ የቆመ ነበር። ቤርኑሊ ግን ተቈጣ፤ ጽሑፉ በ1766 ታትሞ ሲወጣ ስሌቱን እንዳለ አጽንቶ ይዞ ነበር።

ቤርኑሊ በ1782 በባዝል አረፈ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር ከላም ፈንጣጣ የተገኘውን፣ አደጋው እጅግ ያነሰውን ክትባት የሞከረው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በኢትዮጵያ በ1976፣ በሶማሊያ ደግሞ በ1977 ታየ፤ በ1980ም በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።