የሐረሩ ብላቴናና የአውሬዎቹ ኮሜድያ

በሐረር ከተማ፣ በአቦከርም ይሁን በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ አንድ ወጣት ተዋናይ ብቻውን የሚጫወተውን አጭር ተውኔት ለሰፈሩ ሰው ለማሳየት ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያስጨንቀው የቃለ ተውኔቱ ነገር አይደለም። አዳራሹን ማን ይፈቅዳል? መጋረጃውስ ከየት ይገኛል? ከፊት ወንበር የሚቀመጡት የተከበሩ ሰዎች ነገሩን በምን ዓይን ያዩታል? ይህ ጭንቀት ከአማርኛ ቲያትር ጋራ አብሮ የተወለደ ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጽፈው ለመድረክ ያበቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጭንቀቱን ከሁሉ ቀድመው ቀምሰውታል። ያደጉትም በዚችው በሐረር ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ በሰያደብር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጥተው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባች ወዲህ የራስ መኰንን መቀመጫ ነበረች። ከባሕር የሚመጣው ነጋዴና መልእክተኛ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ፣ በራሱ ግቢ የሚያድግ ልጅ ልዩ ልዩ ቋንቋ መስማትና ልዩ ልዩ ሰው ማየት ብርቁ አልነበረም። ብላቴናው በ1888 ዓ.ም. ራስ መኰንንን ተከትሎ እስከ ዐድዋ ዘመተ። ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ጦርነቱም እንዳለፈ ሊዮንቲየፍ ከተባለው መስኮባዊ ጋራ ወደ ሩስያ ሄደ።

በሩስያ የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ፤ መኰንንም ሆኑ። የዚያ አገር የቲያትር ሕይወት በዘመኑ እጅግ የደመቀ ነበርና ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ቲያትር ማለት ምን እንደሆነ ከምንጩ ያወቀ ሰው ሆነ። ነገር ግን ያሳደጓቸው ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ዐርፈው ነበርና ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሊያሳዩአቸው የሚመኙትን ሰው አላገኙም። እኔ እንደሚመስለኝ የኋላ ጠባያቸው፣ በተለይም ማንንም ሳይፈሩ የመናገር ልማዳቸው፣ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ጥላ የሚሆናቸው ትልቅ ሰው ስላልነበራቸው የሚያምኑት ዕውቀታቸውን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ተውኔቱ እንምጣ። በአዲስ አበባ ቲያትር ተብሎ የቀረበ አንድ ዝግጅት ተመልክተው፣ ዘፈንና ጭፈራ እንጂ ቲያትር ሆኖ አላገኙትም። ሌላው ሰው ቢሆን አሹፎ ዝም ባለ ነበር። እርሳቸው ግን ቲያትር ምን እንደሆነ ለማሳየት ራሳቸው ብዕር አነሡ። የላፎንቴንን የእንስሳት ተረት መነሻ አድርገው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። ብዙዎች የቲያትር ታሪክ ጸሐፊዎች ዘመኑን 1913 ዓ.ም. ያደርጉታል። የቲያትር ቤት ስላልነበረ ተውኔቱ የታየው በተራስ ሆቴል ነው፤ ተመልካቾቹም የዘመኑ መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ።

የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ነገር ቆም ብለው እንዲያስቡበት እለምናለሁ። የቲያትር ልምድ ያለው ተዋናይ በሌለበት፣ ተመልካቹም ቲያትር ዓይቶ በማያውቅበት አገር፣ አንድ ደራሲ የመንግሥቱን አሠራር ጉድለትና የሹማምንቱን ብልሹነት በአውሬ አስመስሎ ለራሳቸው ለሹማምንቱ አቀረበ። ተረት ለአገራችን ሰው እንግዳ አልነበረም። እያንዳንዱ መኰንን በሕፃንነቱ ስለ አንበሳና ስለ ቀበሮ ሲሰማ አድጓል፤ ስለዚህም ምሳሌውን ለመፍታት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። የአውሬው ቆዳ ደራሲውን ይሸሽገዋል ተብሎ ከታሰበ ስሌቱ አልሠመረም። ንግሥት ዘውዲቱ ነገሩ በተሰማ ጊዜ ቲያትር እንዲከለከል አዘዙ፤ የታተሙትም ቅጂዎች እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ክልከላው የተነሣው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እነዮፍታሔ ንጉሤ መድረኩን ያዙት፤ የሀገር ፍቅር ማኅበርም በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ በፊት ያለፉት ዓመታት ለአማርኛ ቲያትር የባከኑ ዓመታት ናቸው።

በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእንስሳት ተረት አያት ለልጅ ልጅ በአንድ አፍ የአንበሳውንም የጦጣውንም ድምፅ እየለዋወጠ የሚያወራው ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ተውኔት ለማዘጋጀት ጽሑፍ አጣሁ የሚል ተዋናይ ቢኖር፣ ከተረት ወዲያ የሚቀርበው አይታየኝም። አንድ በርጩማና አንድ ጋቢ ይበቁታል።

የተክለ ሐዋርያት የቀረው ሕይወት በአብዛኛው የመንግሥት ሥራ ነው። ጅጅጋንና ጨርጨርን ገዝተዋል፤ በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። የኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ቆመው ተከራክረዋል። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር እንዳይወጡ መክረው ምክራቸው ሳይሰማ ቀረ። ከዚያ በኋላ ረጅሙን የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት በማዳጋስካር ነው።

ከስደት ሲመለሱ አዲስ አበባ ሹመት ደጅ አልጠኑም። ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ሂርና ሄደው በእርሻ ኖሩ። ልጃቸው ገርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት ስለ ጻፈ፣ የአባቱ ሙያ በቤተ ሰቡ ውስጥ አልተቋረጠም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። በእጃቸው የጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. ነው።