መዶሻ ይዞ መጥቶ የንጉሥ አማካሪ የሆነው ሰው

እኔን ያሳደገኝ አጎቴ ነው፤ ከሚሴ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እየበየደ። አያቶቻችንም ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ፤ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባሉት። ታዲያ ሰው ሲናደድብን መጀመሪያ የሚያነሳብን ይህንኑ ነበር። ስለዚህ አንደኛ ዓመት ሳለሁ የታሪክ መምህራችን የአልፍሬድ ኢልግን ነገር ሲያነሳ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

ኢልግ ስዊዘርላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ የብረታ ብረት ሙያ ተማረ፣ ቀጥሎ ዙሪክ ገብቶ መሐንዲስ ሆነ። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአውሮፓ የእጅ ባለሙያ ይፈልጉ ነበርና በ1879 ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር አንኮበር ደረሰ። ዕድሜው ገና 25 ገደማ ነው። አንኮበር ለኛ ሩቅ አይደለችም፤ ከከሚሴ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና አድርጎ ይኬዳል።

ምኒልክ ሙያውን ሊፈትኑ መጀመሪያ ጫማ እንዲሰራላቸው አዘዙት ይባላል። መሐንዲስ ነኝ ብሎ አልኮራም፤ ሰራው። በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ዘረጋ፣ ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አስገባ። አማርኛም ለመደ። በ1894 ከፈረንሳዊው ነጋዴ ሸፍኖ ጋር የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ፈቃድ አገኘ።

ዘመኑ አውሮፓውያን አፍሪካን የሚቀራመቱበት ነበር። የ1889ኙ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ያመጣውን ጣጣ ሁላችንም ተምረናል። በ1896 አድዋ ላይ ድል ሲገኝ ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለድርድር ተሽቀዳደሙ። በ1897 ምኒልክ ያንን ባለ ሙያ የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት። ውል ሲዋዋሉም በመሀል የሚቆመው እሱ ነበር። ለፈረንሳይ ያደላል እየተባለ መታማቱ ግን አልቀረም።

ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀና ሥራው ቆመ። ኢልግም በ1907 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1916 ዙሪክ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በዓመቱ ነው፣ እሱ ሳያየው።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የውጭው ብረት ሠሪ ሲሾም የኛው ቡዳ ይባል ነበር። ምኒልክ ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል እንደነበር ያሳያል። እኔ ልጅ ሳለሁም አልጠፋም ነበር።

ለእረፍት ከሚሴ ስሄድ ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት። መበየጃውን ሳያስቀምጥ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ ለመሆኑ ከኛ ሰው ማን ልጁን ዳረለት? ኢልግ በ1895 ያገባው የአገሩን ልጅ፣ ፋኒ ጋቲከርን መሆኑን ነገርኩት። አጎቴ ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።