ከመንገድ የቀደመች መኪና

ባለፈው ሴሚስተር የፍሬን ሲስተም ልምምድ ልንሠራ ገብተን አስተማሪያችንን ስንጠብቅ አንድ ክርክር ተነሳ። አዲስ አበባ መጀመሪያ የገባው ባቡር ነው ወይስ መኪና? አብዛኛው ልጅ ባቡር አለ። መልሱ ግን መኪና ነው፤ ያውም በ9 ዓመት ቀድማ! አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን የምድር ባቡሩ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህ እንዴት ሆነ ለሚለው መልስ ለማግኘት የመኪናዋን ባለቤት የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ሕይወት መመልከት ግድ ይላል። ስለ ጦርነታቸውና ስለ ግዛት ማስፋፋታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ክርክሩም እስካሁን አላባራም። እኔ አውቶሞቲቭ የምማር ልጅ ስለሆንኩ ወደዚያ አልገባም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሰውየውን የማየው በመንገድና በሞተር በኩል ነው።

ምኒልክ በነሐሴ ወር 1836 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ተማርከው ተወሰዱ፤ እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስም በቴዎድሮስ እጅ አደጉ። ይህ ዘመን ቀላል ትምህርት ቤት አልነበረም። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ የነበሩ ንጉሥ ናቸው። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ከገቡ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተራራ እየተቆፈረለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ማሽኑ ተሠርቶ መንገዱ ገና ሲቆፈር ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከ40 ዓመት በኋላም ያው ነው የገጠማቸው።

ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሰዓትም ሆነ ጠመንጃ ሲመጣላቸው ፈታተው ውስጡን ካላዩ አይረኩም ነበር። እኛ ዎርክሾፕ ውስጥ የምንሠራውን እሳቸው ቤተ መንግሥት ውስጥ ይሠሩት ነበር ማለት ነው። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጣና ለብዙ ዓመት አገለገላቸው። ድልድይ ሠራ፣ ከእንጦጦ ተራራ ውሃ በቧንቧ አውርዶ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር የመሥራት ፈቃድ የተሰጠውም ለእሱ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በቃ፣ እዚያው ቆመ። የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ፖለቲካም ተጨመረበት፣ ኩባንያውም ከሰረ።

ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ ምኒልክ ወደ መንገድ ሥራ ዞረዋል። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ አሠሩ። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ ትልቅ መኪና አስመጣላቸው፤ መንገድ ለመዳመጥም ዋለ። ዛሬ ዳምጠው የምንለው ማሽን አያት መሆኑ ነው። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ባቡር ነበር፤ እህል የሚፈጨውም ባቡር፣ ሐዲድ ላይ የሚሄደውም ባቡር። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ እያልን የምንጠራቸውም እንደዚሁ የጣሊያን ናቸው፤ ፍሬን፣ ሾፌርና ጋራዥ ደግሞ የፈረንሳይ። አንድ መኪና ስንፈታ በሦስት ቋንቋ ነው የምንፈታው።

ታዲያ በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ዎልስሌይ ሲድሌይ በሚባለው ስም የምትታወቅ የእንግሊዝ አውቶሞቢል ይዞ ከጠረፍ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። መካኒክ አብሮት ነበር፤ ቡልዶግ ውሻም ሳይቀር። ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባል የጀርመን መኪና ይዞ ተከተለ። ሁለቱም ለንጉሡ ይዘው የመጡት መኪና ብቻ አይመስለኝም፤ የየሀገራቸውን ፋብሪካ ማስታወቂያም ጭምር ነው እንጂ።

እስቲ ይህን ጉዞ እንደ ባለሙያ እንየው። የዚያ ዘመን መኪና ሞተሩ የሚነሳው ፊት ለፊት በሚገባ ማኖቬላ በእጅ እየተጠመዘዘ ነበር። የኤሌክትሪክ ማስነሻ በፋብሪካ ደረጃ የገባው እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ ነው። የፊት ጎማ በአብዛኛው ፍሬን አልነበረውም፤ የጎማው ሽክርክሪት ከእንጨት የተሠራ ነው። ከባሕር ወለል ተነስቶ ወደ 2,400 ሜትር ሲወጣ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ውሃም እዚህ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ራዲያተሩ ቶሎ ቶሎ ይንተከተካል። ማለትም ዳገቱ ሲብስ ጉልበቷ ያንሳል፣ ሙቀቷ ይጨምራል። በዚህ ላይ ማደያ የለ፣ ጎማ ቤት የለ፣ ጋራዥ የለ። ነዳጁም መለዋወጫውም በእንስሳ ጀርባ ካልተጫነ ሌላ መንገድ የለውም። በቅሎ ብቻ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ እንዲህ ያለች መኪና ያለ ሰው ጉልበት ዳገት የምትወጣ አይመስለኝም። አንዳንድ ሰው መኪናዋ ንጉሡ ዘንድ በሞተሯ ብቻ እየበረረች የደረሰች አድርጎ ሲያወራ እሰማለሁ። እኔ ግን ገመድ ሲጎትቱ፣ ድንጋይ ሲፈነቅሉ የነበሩት ሰዎች እንደ ሾፌሩ ስማቸው ቢጻፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ምኒልክ መኪናዋን ወደዷት፤ ተሳፈሩባትም። በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው የሚባሉት ንጉሥ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን ባለፈ ጊዜ ፈረስ የሌለው ሠረገላ ላይ መውጣታቸው አይገርምም? ዓመቱ ደግሞ ለሌላም ነገር የሚታወስ ነው። በ1900 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመዋል። ባንኩ ከሁለት ዓመት በፊት ተከፍቷል፤ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ተከተለ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የተጣደፈ ይመስላል። ጤናቸው እየከዳቸው መሆኑን እሳቸውም ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም።

መኪናዋን ግን ብዙ አልተጠቀሙባትም። ግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸው በአዋጅ ተነገረ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመታቸው ስትሮክ ሰውነታቸውን ሽባ አደረገው፤ መናገርም ተሳናቸው። መኪናዋ ከገባች ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ለጥቂት ወራት ቤተ መንግሥቱን ያዙና እሳቸውም በዚያው ዓመት ከሥልጣን ተገለሉ። ምኒልክ አራት ዓመት ያህል አልጋ ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለሕዝብ ሳይነገር ተደብቆ ቆየ።

ድሬዳዋ ላይ ቆሞ የነበረው ሐዲድ በአዲስ ኩባንያ እንደገና ተጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። የመጀመሪያውን ፈቃድ ምኒልክ ከሰጡ ከ23 ዓመት በኋላ፣ እሳቸው ከሞቱም በኋላ በሦስተኛው ዓመት ባቡሩ አዲስ አበባ ደረሰ።